ለሷ የተሸከመችው ድንጋይ

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያንገበገበኝ ዕዳው አልነበረም፤ ተራው ነው። አንደኛ ተከሳሽ ጓደኛዬ ናት፤ የደመወዝ ብድሩን የወሰደችው እሷ ስለሆነች ልክ ነው። ሁለተኛ ተከሳሽ የሥራ ባልደረባችን የማክሰኝቷ ናት። እኔ ሦስተኛ። ሁለታችንም ዋሶች ነን፤ የፈረምነውም በአንድ ሳምንት ነው። ታዲያ እንዴት ከኔ ቀድማ ትከሰሳለች? ወረቀቱን ይዤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ይህን ሳጉረመርም የሰማኝ ቢኖር ኖሮ፣ ጠበል ውሰዷት ይል ነበር።

ጓደኛዬ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። የተዋወቅነው ጎንደር ኮሌጅ ስንገባ ነው፤ ሲበርደን አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ነው ያጠናነው። ኋላም እዚያው ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ተመደብን፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። ሳገባ ሚዜዬ እሷ ነበረች። ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በወዳጅነቱ ላይ አበልጅነት ተጨመረበት ማለት ነው። እኔ ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን በባሌ አልቀናም። ባሌ መንገድ ላይ ቆሞ ከሴት ጋር ሲስቅ ባየው ሰላም ብዬ አልፋለሁ። ጓደኛዬ ከሌላ ሴት ጋር ስትስቅ ካየሁ ግን በምን እንደሳቁ ሳልሰማ አላልፍም።

የማክሰኝቷ ትምህርት ቤታችን የመጣችው በቅርብ ዓመታት ነው፤ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ስም አላት፤ እኔ ግን በአገሯ እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አፏ ሚጥሚጣ ነው። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ፋይል ሲፈልግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቃት። ጓደኛዬ ከዚች ሴት ጋር ምሳ መብላት ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይመስላት «ሽሮዋ እንዴት ይጥማል መሰለሽ» አለችኝ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁላት ሽሮ ታዲያ ምን ሊባል ነው?

ብድሩን የፈለገችው ለድንች ነው። አምባ ጊዮርጊስ አጎቷ መጋዘን አላቸው፤ ድንቹ ሲረክስ ገዝታ፣ ትንሽ አቆይታ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ለማውረድ አሰበች። በመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይና የልጅ ወጪ እንደማይገፋ የምታውቅ ሴት ናትና አልፈረድኩባትም። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ግን ደመወዝ ያላቸው ሁለት ዋሶች ጠየቃት። ለኔ የነገረችኝ እቤት መጥታ ነው። ሻይ አፈላሁ፤ ወረቀቱን አወጣች፤ ፈረምኩ።

«ምነው አታነቢውም እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺን ነው እንዴ የማነበው?»

ያን ጊዜ በዚህ መልሴ ኮርቼ ነበር። ወዳጅነት ማለት ይሄ ነው ብዬ ሳላነብ በመፈረሜ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ደስታዬ የደፈረሰው ሁለተኛው ዋስ የማክሰኝቷ መሆኗን ስሰማ ነው። ሕጉ ሁለት ነው የሚለው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም የኔ ደመወዝ ብቻውን ቢበቃት ምናለ አልኩ። ሰው በዋስነት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ሁለተኛዋ ዋስ ስትፈርም ሆን ብዬ መዝገብ ቤት ገባሁ፤ ጓደኛዬም ፊቷ ቆማለች። የማክሰኝቷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና «ባትከፍይስ?» አለቻት።

«እከፍላለሁ።»

«ብትሞቺስ?»

«ምን ነካሽ!» አልኩ እኔ።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አለችና ወደሷ ዞረች። «ማይልኝ።»

ጓደኛዬ «በልጄ» ብላ ማለች። ክርስትና ባነሳኋት ልጅ! ለማክሰኝቷ ተማለላት፤ ለኔ ማን ማለ? ማይልኝ አላልኩም እንጂ ብል ኖሮ እንደምትምልልኝ አውቃለሁ። ይሄን ማወቄ ግን ያን ቀን ምንም አልረዳኝም።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። በኛ አገር መንገድ ተዘጋ ማለት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድንቹ መጋዘን ውስጥ አቆጠቆጠ፣ ቀጥሎ በሰበሰ። መንገዱ ሲከፈት ጓደኛዬ ከጥፋቱ ላይ የተረፈውን ላድን ብላ ፈቃድ ወስዳ አገሯ ገባች፤ ፈቃዷ ሲያልቅም አልተመለሰችም። ሥራዋን ለቀቀች፤ ደመወዟ ሲቆም የብድሩ ተቆራጭም አብሮ ቆመ። ማኅበሩ አንዴ አስጠነቀቀ፣ ደግሞ አስጠነቀቀ፣ ከዚያ ሦስታችንንም ከሰሰን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስልኳ ይጠራል እንጂ አይነሳም። እኔ የምደውለው ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ ብታነሳው «ልጅቷ ደህና ናት?» ልላት ነበር።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ተገኘን። ባለጉዳዩ በየጥላው ሥር ተኮልኩሏል። ጓደኛዬ በሌሊቱ መኪና መጥታ ኖሯል፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ ፊቷ ከስቷል። ስንጠራ ገባን። አግዳሚው ላይ ከኔ ጎን ቦታ ነበር፤ ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ቦታውን አሰፋሁላት። እሷ ግን ዞራ ከማክሰኝቷ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ምን እንዳሉ በደንብ አልሰማሁም። ዓይኔ የነበረው ሁለቱ ትከሻዎች ላይ ነው፤ ተነካክተዋል ወይስ አልተነካኩም?

ዳኛዋ «ዕዳውን ታምኛለሽ?» ሲሏት «አምናለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አለች። የማክሰኝቷ ተነስታ ተከራከረች፤ ገንዘቡን የበላው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ በቅድሚያ የሱ ንብረት ይፈለግ አለች። ዳኛዋ በትዕግሥት አስረዷት። የፈረምነው በአንድነትና በነጠላ ነው፤ ማኅበሩ ከፈለገ ከሦስታችን ካንዳችንም ሁሉንም መጠየቅ ይችላል። እኔ ይሄን የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። የማክሰኝቷ ግን አንብባ ነው የፈረመችው፤ እያወቀች ነው የተከራከረችው። የኔ ተራ ሲደርስ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ተባልኩ። «ምንም» አልኩ። ተፈረደብን። ጓደኛዬ ደመወዝም ንብረትም ስላልተገኘባት፣ በአፈጻጸም የኔና የማክሰኝቷ ደመወዝ በየወሩ ይቆረጥ ተባለ።

ግቢ ስንወጣ የማክሰኝቷ ጓደኛዬን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አቆመቻት። እዚያ ባለጉዳይ ሁሉ ፊት ያልተናገረቻት የለም። ሌባ አለቻት፣ ድንች ነጋዴ ብላ ተሳለቀችባት፣ የልጅሽ መሐላ ይድረስብሽ ልትል ጀምራ ልጅቷ ታሳዝናለች ብላ መለሰችው። ጓደኛዬ አለቀሰች፤ ለመነች፤ መለሰችላት። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት። እነዚያ ሁለቱ ሲነጋገሩ፣ ሲነጋገሩ፣ ሲነጋገሩ ቆዩ። ስድብ ቢሆንም ንግግር ነው። በመጨረሻ ጓደኛዬ እንባዋን ጠርጋ በኔ በኩል አለፈች። አንገቷን ደፍታ። «ደህና ዋይ» እንኳ አላለችኝም።

ከዚያ ወር ጀምሮ ደመወዜ ተጎርዶ ይመጣ ጀመር። ሥጋ ከበዓል ወደ በዓል ሆነ፤ ለወለል ያሰብነው ሲሚንቶ ቀረ። ባለቤቴ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ ዝም ይላል። አንድ ቀን ብቻ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለና ወደ መላጊያው ተመለሰ። እኔን ነው ወይስ እሷን ነው ያለው ብዬ አሰብኩ። ጠበሉ እኔ ነኝ።

አንድ ሰኞ በእረፍት ሰዓት የማክሰኝቷ መምህራን ክፍል ገብታ ወሬ ጀመረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጇ ይንኳኳል። ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የጓደኛዬ አጎት ናቸው። ከኋላቸው ጓደኛዬ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ አጎንብሳለች።

«"ግቡ አያ" ብላቸው "ሳትምሪያት አንገባም" አሉኝ» አለች የማክሰኝቷ። «እሷ መሬት መሬት እያየች "ስለ እግዚአብሔር ማሪኝ" ትላለች። ምን ላድርግ? ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ ቆሞ! ይማርሽ አልኳት፤ ድንጋዩን አወረዱላት። ከትንሿ ንግዷ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ልትመልስልኝ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባች።»

ክፍሉ ሁሉ «እሰይ፣ እሰይ» አለ። እኔ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር፤ ተሰበረ። ድንጋይ ተሸከመችላት! ሽማግሌ ሰብስባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ መጥታ፣ በኔ ሰፈር አልፋ፣ እሷ ደጅ አጎነበሰች። አንድ ጋቢ አብሬያት የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታው የሄደው ለማክሰኝቷ!

የማክሰኝቷ ወደኔ ዞራ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ «ወዳንቺስ አልመጣችም እንዴ?» አለች። ሁሉም አየኝ።

«እንዴት አትመጣም!» አልኩ። «ወደኔማ ቀድማ ነው የመጣችው።»

«ድንጋይ ተሸክማ?»

«ያውም ትልቅ! ካንቺው ይበልጣል።» የሷን አላየሁትም እኮ። ማንም ግን ይህን አላስተዋለም።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሸቱን ሳይቀር። መላጊያውን አስቀምጦ «አንቺ የምትፈልጊው ገንዘቡን ነው ድንጋዩን?» አለኝ። ገንዘቡን ብዬ እንዳልዋሽ በዚያ ቀን የዋሸሁት በቅቶኛል፤ ድንጋዩን እንዳልል ደግሞ የሲሚንቶው ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ደጄን ጠርጌ፣ ግቢዬን አጽድቼ፣ ነጭ ለብሼ መቀመጥ ጀመርኩ። ሽማግሌ ቢመጣ የሚቀመጥበት አግዳሚ እንኳ ባለቤቴን አሠራሁት። ማንም አልመጣም። መንገድ ላይ ስሄድ ድንጋይ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ይሄ ለሰው ማጅራት ይከብዳል፣ ይሄ ደግሞ ለይስሙላ ነው እያልኩ እመዝናለሁ። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አልቆ እኔው ልሂድባት ብዬ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወለቃ ስንደርስ «ወራጅ» አልኩ። ተበዳይዋ እኔ ሆኜ በዳይ ቤት የምሄደው ለምንድን ነው? ከመንገድ ዳር ካሉት ሸክላ ሻጮች የማያስፈልገኝን ማሰሮ ገዝቼ፣ በእቅፌ ይዤው ተመለስኩ።

ወር አልፎ የማክሰኝቷ ከጓደኛዬ ላይ የመጀመሪያዋን ክፍያ ተቀበለች። በማግስቱ በኮሪደሩ አቆመችኝ።

«ያቺን ሴት ትናንት ወቀስኳት» አለች።

«ማንን?»

«ጓደኛሽን ነዋ። "ለመምህሯ ትልቁን ተሸክመሽ እኔን በትንሿ ሸነገልሽኝ አይደል?" አልኳት።» ሳቀች።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ውሸቴ ባደባባይ ሊወጣ ነው፤ ያውም በዚች አፍ። «ምን አለችሽ?» አልኩ።

«መጀመሪያ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ "አዎ፣ የሷ ትልቅ ነው" አለች።»

ይህን ሰምቼ ክፍል ገባሁ። ስለ ቅጽል ላስተምር ነበር፤ ልጆቹን አንብቡ ብዬ ተቀመጥኩ። አዎ አለች! ያልመጣችበትን ደጅ መጣሁ፣ ያልተሸከመችውን ተሸከምኩ አለች፤ እንዳላፍር ብላ። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ደስታው ግን የመውጫ ደወሉ እስኪደወል አልቆየም። ለማክሰኝቷ እውነተኛ ድንጋይ፣ ለኔ የአፍ ድንጋይ! አሁንም የተሻለው የደረሰው ለሷ ነው።

የመጣችው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው፤ ባጃጅ ከታች አድርሶ ይመለሳል። ልብስ እያሰጣሁ ሳለሁ የጎረቤት ሴቶች ከየበራቸው ሲወጡ አየሁና ቁልቁል ተመለከትኩ። ጓደኛዬ ብቻዋን ናት። ሽማግሌ የለም፣ አጎት የለም። ጥቁር ድንጋይ በማጅራቷ ጭና፣ በሁለት እጆቿ ደግፋ፣ እያረፈች ዳገቱን ትወጣለች። ከማስበው ሁሉ ይበልጣል። የመዘንኳቸው የመንገድ ድንጋዮች ሁሉ ከሱ ጋር ሲተያዩ ጠጠር ናቸው። ባለቤቴ ሊቀበላት ወደ በሩ ሮጠ፤ በክርኔ ይዤ አስቀረሁት።

ደጄ ላይ ደርሳ አጎነበሰች። አንገቷ ቀጥኗል፤ ላቡ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

«ስለ እግዚአብሔር ማሪኝ» አለች።

ወግ የሚያዘው ወዲያው «ይማርሽ» ማለት ነው። እኔ ግን አላልኩም። በኋላ ሳስበው ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የሷ ከዚህ ያንስ ነበር?»

ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። «በጣም» አለች ወደ መሬት። «የሷን ሽማግሌዎቹ ናቸው እዚያው ከደጇ አንስተው የሰጡኝ። ይሄን ግን ካባቴ አጥር ነው የነቀልኩት። ሸጋ ድንጋይ ነው። የሚኒባሱ ረዳት የዕቃ አስከፍሎኛል።»

ጎረቤቶቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ገና አልጨረስኩም።

«ምነው ታዲያ እስከዛሬ? ምነው ወደኔ ሳትመጪ?»

ድንጋዩ ወደ ግራ ሲያዘነብል በእጇ መለሰችው።

«እሷ ትሰድበኛለች» አለች። «ስድብ እችላለሁ። ተሰድቤ፣ አልቅሼ፣ ቀሎኝ እሄዳለሁ። አንቺ ግን ሻይ ታፈይልኛለሽ። ምንም ሳትዪኝ፣ ስኳሩን አማስለሽ ትሰጪኛለሽ። ያን ሻይ እንዴት ነው የምጠጣው? ፍርድ ቤት እንኳ ካጠገብሽ ያልተቀመጥኩት ቦርሳሽን ስታነሺልኝ አይቼ ነው።»

«ይማርሽ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰሙ። የማክሰኝቷ በዚያ በኩል ብታልፍ ብዬ ተመኘሁ፤ አልዋሽም። ድንጋዩን በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን ባለቤቴ ይዘን አወረድነው። ከበር ጎን አስቀመጥነው፤ አሁንም እዚያው ነው፣ ነፋስ በሩን እንዳይመታው ያግዘናል። ማጅራቷ ቆስሎ ነበር። በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግኩላትና ልማዴ ነውና፣ ሳላስበው «ግቢ፣ ሻይ ላፍላ» አልኳት።

ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

«መጀመሪያ ስደቢኝ» አለች።

አየኋት፤ የምሯን ነው። የማክሰኝቷ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ያለቻትን አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ ካንዱም የማያንስ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ፈልጌ፣ እያለቀስኩ ሰደብኳት።